ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተነጋገሩ

ዲንቃ ጅራታን ከሁሩሙ አውጥቶ መቱ ቢሮ ያስገባው የእጅ ጽሕፈቱ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረ። ፊደሉ እንደ ተለቀመ ጤፍ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ አባቱ ቀፎ ሰቀላ ሊያስለምዱት ሲሉ መንግሥት ቀደማቸውና ጸሐፊ አድርጎ ወሰደው። ሥራው የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ኮሚቴ ማቋቋም ቀላል ነው፤ ማፍረስ ነው የሚከብደው።

ከኮሚቴዎቹ ሁሉ ዲንቃን ያስረጀው የድልድይ አሠሪው ኮሚቴ ነው። ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ዝናብ በበረታ ቁጥር እየሞላ የማዶውን ገበሬ ከገበያ ይቆርጠዋል። ቡናና ማር የጫነ ሰው ገበያውን ማዶ ሆኖ በዓይኑ ቃኝቶ ይመለሳል። ድልድይ እንደሚያስፈልግ ያልተስማማ የለም፤ ያልተስማሙት የት ይሠራ በሚለው ብቻ ነው። በዚህች «ብቻ» ሁለት ክረምት አለፈ።

ሊቀ መንበሩ ፊታውራሪ አስታጥቄ፣ ቤታቸውም መሬታቸውም ከወንዙ ማዶ የሆነ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆዩ ባላባት ነበሩ። ስብሰባ የሚከፍቱት በንግግር ነው። ንግግሩ ከድልድዩ ይነሣና ጠላትን ወዳሳደዱበት ጫካ ይሻገራል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመልሳቸው አይገኝም። ነጋዴው ሐጂ ሙሐዲን ድልድዩ ከታች፣ በሱቃቸው በኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ። የጠጅ ቤት ባለቤቷ እትዬ ሀረገወይን ከላይ፣ በግቢያቸው በኩል ይላሉ። አራተኛው አባል ጋሼ ኩመራ የማዶ ገበሬ ናቸው፤ እሳቸው ከላይም ይሁን ከታች መሻገሩን ብቻ ይፈልጉ ነበርና ሐሳባቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ፣ ስለ ሕዝብ ማወያየት ኮርስ የሚወስድ ሰው ላኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። ጊዜው የቡና ለቀማ ስለነበር የሚሄድ ጠፋና ዲንቃ ተላከ። እዚያ ያገኛቸው አስተማሪ፣ ስብሰባ የሚበላሸው በሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን በአሠራሩ ነው ብለው አስተማሩት። ዲንቃ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ጥፋቱ የፊታውራሪ ካልሆነ ለመናገር አያስፈራም።

ተመልሶ እንደመጣ ወንበሮቹን በክብ ደረደረ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ ከበሩ ላይ ቆመው።

«ክብ ነው፣ ጌታዬ። በክብ ሲቀመጡ በላይ የለም፣ በታች የለም፤ ሁሉም እኩል ይናገራል።»

«መልካም ነው። የኔ የትኛው ነው?»

«የፈለጉት ነው፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪ መስኮቱ ዘንድ ተቀመጡ። ወዲያው ሐጂ ሙሐዲን ተነሥተው በቀኛቸው ሆኑ። እትዬ ሀረገወይን፣ ቀኝ ቢወሰድባቸውም ግራውን ላለማጣት ተሻሙ። ጋሼ ኩመራ በትሕትና ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳቡ። ዲንቃ ቀና ሲል ክቡ የድሮው ስብሰባ ሆኖ ቆየው፤ ልዩነቱ የፊታውራሪ ንግግር አሁን ከመስኮቱ በኩል መምጣቱ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለስላሳ በትር አስጠርቦ መጣ። በትሩን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ያቀብላል። ተናግረው በማያውቁት ሰው ልጀምር ብሎ ለጋሼ ኩመራ ሰጣቸው። ለሽማግሌ በትር ማቀበል መርቁን ማለት እንደሆነ የሁሩሙ ልጅ ሊስተው ባልተገባ ነበር። ጋሼ ኩመራ ብድግ አሉና በኦሮምኛ ምርቃት ጀመሩ። አገሩን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፣ ከብቱንና ንቡን መረቁ፣ ወንዙንም ጭምር መረቁ። ፊታውራሪ መጀመሪያ «አሜን» አሉ፣ ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በኋላ ሰዓታቸውን አዩ። ሽማግሌ እየመረቀ ከእጁ በትር የሚነጥቅ ግን አልተገኘም። ሲጨርሱ በትሩን አገላብጠው አዩት።

«ያ ጉርባ፣» አሉት ዲንቃን፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ጥሩ እንጨት ነው።» ይዘውት ሄዱ።

ዲንቃ ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ያልሞከረው አንድ ዘዴ ቀረ። የማይስማሙ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ከቤት አውጥቶ፣ እየተራመዱ እንዲነጋገሩ ማድረግ። ሐጂ ሙሐዲንን ከጋሼ ኩመራ ጋር ወደ ታች ላካቸው። ፊታውራሪንና እትዬ ሀረገወይንን ደግሞ ወደ ላይ። ሁለቱ፣ የፊታውራሪ በቅሎ የእትዬን ጌሾ ከጋጠ ጀምሮ ከስብሰባ ውጭ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

«ከሳቸው ጋር?» አሉ እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸውን እያጣፉ።

«ኮርሱ እንዲህ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ኮርሱ ጌሾ ተክሎ ያውቃል?»

ቢሆንም ሄዱ።

ሐጂ ሙሐዲንና ጋሼ ኩመራ ቶሎ ተመለሱ። ስለ ድልድዩ አላነሡም፤ ስለ ማር ተስማምተው መጥተዋል። የላዮቹ ግን ቀሩ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ካፊያው ወረደ፣ አሁንም የሉም። ዲንቃ ወንዝ ገብተው እንደሆነስ ብሎ፣ ፊታውራሪን ያህል ሰው በኮርስ ማስጠፋት የሚያስከትለውን እያሰበ ደጁን ሲመላለስ፣ ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ብቅ አሉ። ጃንጥላው የእትዬ ሀረገወይን ነው፤ የያዙት ግን ፊታውራሪ ናቸው።

«ምን ላይ ደረሳችሁ፣ ጌታዬ?» አለ ዲንቃ ብዕሩን አንሥቶ።

«ጉዳዩ ገና ጥናት ይፈልጋል፤» አሉ ፊታውራሪ ወደ ወንዙ እያዩ። «እሳቸውና እኔ ተመልሰን ማየት አለብን።»

ጥናቱ እስከ ገና ዘለቀ። ፊታውራሪ በስብሰባ መናገር ተዉ፤ የሚሰማቸው ሰው ሌላ ቦታ አግኝተዋላ። ከተማው መጀመሪያ አንሾካሾከ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከጥምቀት በኋላ ፊታውራሪ ሽማግሌ መላካቸውን ሲሰማ ዝም አለ። እትዬ ሀረገወይን እሺ አሉ፤ ግን አንድ ነገር አስቀደሙ። «በዚህ ዕድሜዬ በቅሎ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አርሼ ወንዝ አልሻገርም።»

ፊታውራሪ ጭሰኞቻቸውን ጠሩ። ግንዱ ከራሳቸው ጫካ ወረደ። ዓቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሁለት ክረምት ያልተቻለው ድልድይ ያለ አንድ ስብሰባ ቆመ፤ ከእትዬ ሀረገወይን ደጅ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ፊታውራሪ ደጅ። የጋሼ ኩመራ ልጆች ግንድ ሲሸከሙ ሰነበቱ፤ አሁንም ሐሳባቸውን የጠየቀ የለም፤ ግን ተሻገሩ። ሐጂ ሙሐዲን ሰርጉ ላይ ፊታቸውን አጥቁረው ዋሉና በሳምንቱ ድልድዩ እግር ሥር ሱቅ ከፈቱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዲንቃም ስቆ በተወው ነበር። ግን ከአዲስ አበባ ጎብኚ መጣ። ድልድዩን በጫማው ረግጦ ሞከረና፣ «ሕዝቡ በየትኛው ዘዴ ነው የተስማማው?» ብሎ ጠየቀ።

ዲንቃ ወደ ጎኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። ፊታውራሪ አጠገቡ ቆመዋል። «ሁለት ሁለት ሆኖ በመነጋገር፤» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ እንደ ውሸታም ግን ጆሮው ጋለ።

ጎብኚው ደስ ብሎት ተመለሰ። ዲንቃ ደመወዙ ተሻሻለለት፣ የጠቅላይ ግዛቱ አወያይ ተባለና በየከተማው ይላክ ጀመር። ኡካ ላይ ባሎች ሚስቶቻቸውን ከሌላ ሰው ጋር አናስኬድም ብለው ስብሰባው ሳይከፈት ተበተነ። ሌላ ቦታ ሁለት ጎረቤታሞች ወሰን እየተከራከሩ ሄደው በድንጋይ ተፈናክተው ተመለሱ። መቱ ውስጥ ደግሞ ሚስት የሞተችባቸው ሰዎች፣ ለአገር ልማት ጉጉት ያደረባቸው እየመሰሉ፣ ኮሚቴ አስገባን እያሉ ደጁን ያንኳኩ ነበር።

«ለኔስ የትኛውን ዘዴ ታመጣልኛለህ?» ትለዋለች ሚስቱ ጃለኔ። «ቤት ስትገባ የምትናገረው አንተ ብቻ ነህ።» እውነቷን ነበር። ሰው ሲያናግር የዋለ አፍ ማታ አያርፍም።

ከዓመታት በኋላ በዚያው ጠቅላይ ግዛት፣ ቡሬ ላይ የትምህርት ቤት ቦታ ሊያስመርጥ ተጠራ። ከመቱ የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዛት። ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ ሲቆፍር፣ ቅጠል ሲያነጥፍ አረፈደ። ዲንቃ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቡሬ ሲደርስ ሰዎቹ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ምሳ ይበላሉ።

«ይቅርታ፣ አዘገየኋችሁ፤» አለ እያለከለከ። «አሁን እንጀምር።»

«ምኑን?» አለች ዱሬቲ የምትባል፣ እጇን የምትታጠብ ሴትዮ። «ቦታውማ ጠዋት ተመረጠ። ችካሉም ተተክሏል።»

«ማን አወያያችሁ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጥያቄው የገባው ሰው አልነበረም። «ተነጋገርን፤» አለች ዱሬቲ።

ዲንቃ ቅር አለው። ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፣ ግን ቅር አለው፤ መንገድ ሙሉ በጭቃው መካከል ያሰላሰለው ንግግር ነበረው። ከዚያ ዱሬቲ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፣ ውሃም አፈሰሰችለት፤ ታጥቦ ከመካከላቸው ተቀመጠና፣ በጣም ርቦት ስለነበር፣ ምንም ሳይናገር መብላት ጀመረ።