ልጄ ከጓሳው ሣር ላይ ያስነሣችኝ ቀን

ያን ቀን የነበርነው እኔ፣ አስጎብኚ ለመሆን ልትፈተን የወጣችው ልጄ፣ ብቻሽን አትሄጂም ያለችኝ ጎረቤቴ፣ ሊጎበኙ የመጡ ባልና ሚስት መምህራን፣ እንዲሁም የአስጎብኚዎቹ አለቃ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነን። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ከእኛ ይበዙ ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። ልጄ መምህራኑን የመንዝን ጓሳ አሳይታ፣ የቦታውን ደንብ አስከብራ በደህና ከመለሰች ትቀጠራለች። እሷ እንድታልፍ ትጸልያለች፤ እኔ እንድትወድቅ እጸልያለሁ። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ያሳደግኳትን ልጅ ለዚያ ደጋ ብርድ አሳልፌ መስጠት አልሆነልኝም።

ከጣርማበር ወዲያ መኪናው ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ደረብኩ። ጎረቤቴ ሻንጣዬ ውስጥ አጎበር አየች።

"ይሄ ለማን ነው?"

"ለልጄ። ከተቀጠረች እዚያ ማደሯ አይቀርም።"

"ወላሂ፣ እዚያ ላይ ቢንቢ ብትኖር እሷ ራሷ ጋቢ ትፈልጋለች።"

ቆላ ያደገ ሰው አጎበር የሌለው አልጋ አያምንም። ሻንጣዬን ዘጋሁት።

ጓሳ ስንደርስ ልጄ ከፊት ሆና፣ "ከገደሉ ራቅ በሉ" ትላለች። እኔ ከኋላ፣ "አንቺም ራቂ" እላለሁ። መምህሩ ለሚስቱ፣ "ዛሬ ሁለት አስጎብኚ ነው የደረሰን" አላት። አንድ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳየን ደግሞ ጎረቤቴ፣ "ባሌ ምሳ ሲዘገይበት ልክ እንዲህ ነው" አለች።

ጤዛው ገና አልደረቀም። የመምህሩ ሚስት ደክሟት ልትቀመጥ ፈለገች። እኛ ዘንድ እንግዳ እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ሣር ይጎዘጎዝለታል። ጎንበስ ብዬ ጓሳ የሚሉትን ያን ረጅም ሣር እየነጨሁ መከመር ጀመርኩ። ጠንካራ ነው፣ እጅ ይቆርጣል።

ሽማግሌው አዩኝ። ፊታቸውን ወደ ልጄ አዞሩ።

ለካ ያ ሣር በአገሬው የሚጠበቅ ነው። የሚታጨደው ጊዜው ደርሶ ሲፈቀድ ብቻ ነው። ልጄ ጠዋት ይህን ለእንግዶቹ ስትናገር እኔ የሹራቧን ቁልፍ እያየሁ አልሰማኋትም።

ፊቷ ቀላ። እናቷን በሰው ፊት ካልተናገረች ሥራው ቀረ።

"እማዬ፣ ይሄ ሣር አይነጭም። ተነሺ።"

"ለእንግዳሽ እኮ ነው።"

"ለእንግዳም አይነጭም። ጋሼን ይቅርታ ጠይቂያቸው።"

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ ጸሎቴ እንዳልሠራ አወቅኩ። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጎረቤቴ በሻርፗ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይነቀነቃል።

"እትዬ፣ አይዘኑ" አሉኝ ሽማግሌው። "እናቷን ያስነሣች ልጅ ሌላውን ሰው ማስነሣት አያቅታትም። ሥራዋን ትጀምር።"

"ብርዱስ?" አልኳቸው።

"እርስዎን እንደተቆጣች ብርዱንም ትቆጣዋለች።"

ከዚያ ወዲህ ልጄ እዚያው ናት። ስልክ የሚይዝላት ጉብታ ላይ ስትወጣ ነው። ስትደውልም "ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች፤ ደህና ነኝ የማይል ልጅ ደግሞ የለም። ወደ ጓሳ የምትወጡ ሰዎች፣ ስትመለሱ መንገዳችሁ በሸዋ ሮቢት ከሆነ ጎራ በሉና ንገሩኝ። ከስታለች? ትስላለች? እንዴት ናት?