ሦስተኛው ግልባጭ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው የውሃ ማመልከቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን እሱ ጻፈ፤ እኔ እርሳስ ቀርጬ አረምሁ። ቧንቧው ከደረቀ ሁለት ሳምንት መሙላቱን ለመናገር ሦስት ገጽ ፈጀ። «አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ጠፋ ለማለት ሦስት ገጽ?» አልሁት። «ሰላምታ የሌለው ማመልከቻ ማን ያነባል?» አለኝ። ሁለቱን ገጽ ሰረዝሁበት። እያጉረመረመ የቀረውን ገለበጠ። እሑድ አረፈ።

የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ይዞኝ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው፤ ደብረ ታቦር፣ በደርግ ጊዜ፣ አሥረኛ ክፍል፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ክፍል፤ የጉና ብርድ በካርቶኑ ዳር እያፏጨ ይገባል።

የአማርኛ መምህራችን አንድ ደንብ ነበራቸው። ድርሰት ሦስት ጊዜ ይጻፋል። የመጀመሪያውን አጠገብህ የተቀመጠው በእርሳስ ያርመዋል፤ ሁለተኛውን እሳቸው ያዩታል፤ የመንፈቁን የአማርኛ ማርክ የሚይዘው ሦስተኛው ነው። ማርኩ ግን ለጸሐፊውም ለአራሚውም እኩል ነው። «ጓደኛው ሲሳሳት ዝም ያለ አብሮ ይወድቃል» ይሉን ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነው፤ ያ በኋላ ባለቤቴ የሆነው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዘግይቶ የገባ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ መምህሩን ተሳስቶ «የኔታ» እያለ ክፍሉን የሚያስቅ። እኔ ደግሞ የምስቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ከእብናት አንድ ቤተሰብ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ «በአንዱ ትምህርት እንኳ ከሰባ በታች ካመጣሽ፣ ደብተርሽን አስቀምጠሽ ትዳርሽን ትይዣለሽ» ብለውኛል። አባቴ ያሉትን አይለውጡም።

ርእሱ «የማልረሳው ቀን» ነበር። እሱ ስድስት ገጽ ጻፈ። ሁላችን ድርሰት በአብዮቱ ጀምረን በአብዮቱ በምንጨርስበት ዘመን፣ እሱ በስመ አብ ብሎ ጀመረ! ቀጥሎ ፈጣሪን አመሰገነ፣ ከዚያ መምህሩን፣ ከዚያ ክረምቱን። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ በሬ ጎርፍ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ትቶት ስለ ደመና ያወራል። ኅዳጉን በእርሳስ ሞላሁት። «መግቢያው ረዘመ።» «በሬው ምን ሆነ? ንገረን እንጂ!» «ኧረ አንተ ልጅ፣ ራሴን አዞርኸው!»

በሳምንቱ መምህሩ ሁለተኛውን ግልባጭ ይዘው ቆሙ። የመጀመሪያውን መስመር፣ በስመ አቡን፣ በዓይናቸው ብቻ አለፉት፤ ያን ደግነታቸውን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡ። «... በሬአችንም ወደ ጎርፉ ገባ፤ በሬው ምን ሆነ? ንገረን እንጂ! ደመናውም እንደ ጥቁር ባና ተዘረጋ፤ ኧረ አንተ ልጅ፣ ራሴን አዞርኸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ አንዲት ፊደል ሳያጎድል፣ እንደ ብራና በሚያምር እጅ፣ የኔን ተግሣጽ ሁሉ ድርሰቱ ውስጥ አስገብቶ ገልብጦታል።

«አራሚዋ ማናት?» አሉ።

ተነሣሁ።

«ይህ ሦስተኛው ቢሆን ሠላሳ ነበር። ለሁለታችሁም። እስከ ሰኞ ጊዜ አላችሁ።»

ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ያዝሁት። «አንተ፣ ዕብድ ነህ? ለምን ገለበጥኸው?»

«አርሚ ተባልሽ፣ ጻፍሽበት። የተጻፈ ይገለበጣል እንጂ ይጣላል እንዴ? እኛ ቅኔ ቤት አንዲት ቃል ያጎደለ በአለንጋ ነው የሚገረፍ።»

«የራስህ ጽሑፍ እኮ ነው!»

«ከተጻፈ በኋላማ የኔ አይደለም።»

እስኪ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ደብተሩን ደረቱ ላይ ወረወርሁበት። ከንዴቴ ብዛት አለቀስሁ፤ ሳላስበው ስለ እብናት ነገርሁት። ደብተሩን አንሥቶ አቧራውን አራገፈ።

«በሬው ሞተ» አለኝ።

«እሺ?»

«እኔ ነኝ መልካውን አቋርጦ ይግባ ያልሁ። አባቴ አልተቆጡኝም። በነጋታው በአንድ በሬ ሁለት ሰው አያርስም ብለው፣ ስልቻ በሶ አሸክመው ቅኔ ቤት ላኩኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ዞሬ አላየኋትም።»

«ይኸን ጻፈው!»

«ይኸማ ወሬ ነው።»

«ወሬውን ጻፈው!»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጻፈ፤ አንድ ገጽ ከምናምን። ስድስቱን ገጽ ራሱ እንዲሰርዝ እርሳሱን ሰጠሁት። መስመሩን ሲያሰምር ከንፈሩ ይቅርታ የሚለምን ይመስል ነበር።

ሰባ አራት አገኘን። አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ ካርዱን ዘቅዝቀው ይዘው «አለፈ ሰባውን?» አሉኝ።

«አለፈ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እብናቶች ይቆዩ።»

እብናቶች ቆዩ፤ እኔም የመምህርነት ሥልጠና ገባሁ። ከዓመታት በኋላ ሽማግሌ የላከው እሱ ራሱ ነበር። የላከልኝ ደብዳቤ፣ አትደነቁ፣ ስድስት ገጽ ነው፤ አምስተኛው ላይ ነው «አግቢኝ» የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ማሳጠር አልተማረም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰረዝሁበት።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት የዕድር ጸሐፊው የሕይወት ታሪኩን አምጥቶ «እትዬ፣ ከመነበቡ በፊት ይዩት» አለኝ። መግቢያው ብቻ ሙሉ ገጽ ነው። የክረምቱን ውበት ሳይቀር ጽፎበታል። እርሳስ ይዤ ቁጭ አልሁ። አንዲት ቃል ሳልነካ መለስሁለት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ድርሰታቸውን ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ወሬውን በአፋቸው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፤ ከዚያ አርማለሁ።