በቃሬዛ የመጣ መብራት

ከቤቴ ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ሰሞኑን በሱቁ በር ላይ ባለ ቀለም መብራት ሰቀለ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆነ ሲሯሯጥ ያመሻል። ቢቸና ዘንድሮ እንዲህ ሆናለች። «እማማ፣ እንዴት ነው? ያምራል?» አለኝ። «ደህና ነው» ብዬው ገባሁ። ልጁ ምን አጠፋ! ቀዩ ሲበራ ግን ወንድሜ ጌታሁን ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ እህል አይወርድልኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፣ ወደ መጨረሻው። እኔ ቢቸና አክስቴ ዘንድ ሆኜ እማራለሁ፤ እናታችን ሞጣ ጠላ ትሸጣለች። ጌታሁን አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ዘንድ ገብቶ ቀጭን የጠርሙስ ቱቦ በእሳት እያለሰለሱ የሚበራ ፊደል ማድረግ ተምሯል። ጠርሙሱ ባዶ ይምሰል እንጂ ውስጡ ጋዝ አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጋዙ ራሱ ቀይ ሆኖ ይበራል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው። ሞጣ ግን «የየሺ ልጅ ከተማ ገብቶ የሰው ጠርሙስ ያጥባል አሉ» ይባል ነበር። እማዬም ይህን እየሰማች አንገቷን ደፍታ ነው የኖረችው።

በመስከረም አንድ ቀን ከደጀን ከመጣ የጭነት መኪና ላይ ሲወርድ አላወቅሁትም። ደረቱን ታሟል፤ ኮቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ሲያስል መሐረቡን ከእኔ ይደብቃል። በእቅፉ ግን «የሺ» የሚል ጠርሙስ በጥጥና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል።

«እማዬ ስሟን በሯ ላይ ሲበራ ሳታይ አልሞትም» አለኝ።

«አታሟርት!» ብዬ ተቆጣሁት።

ከቢቸና ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና አይደፍረውም። የአክስቴ ጎረቤቶች፣ አራት ጎረምሶች፣ በሽተኛውን ሊሸከሙ ቃሬዛ ይዘው መጡ። ጌታሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠርሙሱን ቃሬዛው ላይ አጋድሞ ነጭ ጋቢ አለበሰው፤ ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠውን ከባድ ትራንስፎርመር አህያ ላይ አስጫነ።

«አበድክ እንዴ ወንድምጋሼ? ይልቅ አንተ ተኛ!»

«እኔ እግር አለኝ፤ እሱ የለውም።»

እናም ሄድን፤ ጠርሙሱ ተኝቶ፣ በሽተኛው ከኋላ በምርኩዝ። ሜዳው አደይ ለብሷል። እኔ በሶ እበጠብጥለታለሁ፣ እሱ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ይመልስልኛል። በአገራችን ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ጉዳዩን ጥሎ ትከሻውን ያስገባል፣ እስከሚችለው ይሸኛል። እየተቀባበሉ ተሸከሙልን። «እግዜር ይማረው! ምስኪን፣ እንዴት ቀሏል!» ይላሉ። እኛም በየት በኩል እናስረዳ? አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዘዋል።

ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ወንዝ ላይ ስንደርስ፣ ረጅም መንገድ የተሸከሙልን አንድ ሽማግሌ ለበሽተኛው ውሃ ሊያጠጡ ጋቢውን ገለጡ።

«እንዴ! ጠርሙስ?»

«በሽተኛውስ እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለ ጌታሁን፣ ሳሉ እያቋረጠው።

«ትቀልዳለህ ደግሞ! አረሜን ጥዬ፣ ትከሻዬን ለጠርሙስ!»

እንትፍ ብለው ሄዱ። ጎረምሶቹ ሊያስረዱ ቢሞክሩ ማን ይስማ። ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ሮጠ።

ሞጣ ወፍጮ ያላቸው ጋሽ ይመር ከዲናሟቸው ሽቦ ሳቡልን። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጌታሁን ገመዱን ሲያገናኝ ጠርሙሱ ርግብግብ አለና «የሺ» ቀይ ሆኖ በራ። የእማዬ ፊት፣ ጭቃው፣ የጠላው ጋን፣ ሁሉም ቀይ።

«ይኸን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እልል አለች፤ ሰፈሩም ተቀበላት። እኔ አለቀስሁ። የደስታ ነበር ብል ውሸት ነው፤ እጅጌው ላይ ደም አይቼ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ መተንፈስ አቃተው። የክሊኒኩ ድሬሰር «በቶሎ ሆስፒታል አድርሱት» አለ። መኪና የሚገኘው ቢቸና ነው። በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው ጋቢ፣ ገና ወደ ቢቸና ያልተመለሱት እነዚያው ጎረምሶች ተሸክመውት ወጣን። መንገደኛው ገና ከሩቅ ሲያየን ይስቃል።

«ዛሬም ጠርሙስ ነው?»

«ሰው ነው! ወንድሜ ነው!» እላለሁ።

«ያን ጊዜም ሰው መስሎን ነበር፣ የኔ እመቤት!»

ጋቢውን ልገልጥላቸው ስል እነሱ አልፈዋል። የሚያግዝ ጠፋ። ጎረምሶቹ ትከሻቸው ተልጦ በየጥቂቱ ያሳርፉታል። ጌታሁን እጄን እንደያዘ «አትቆጫቸው፤ እውነታቸውን ነው» አለኝ። ያ ወንዝ ጋ ስንደርስ እጁ ለቀቀኝ።

ጮኽሁ። ጩኸቴን ሲሰማ ከየማሳው ሰው ጎረፈ። ሽማግሌውም መጡ፤ ፊቱን ሲያዩ አወቁት። «እኔ ነኝ ብሎኝ ነበር እኮ! እኔ ነኝ ብሎኝ ነበር!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ወደ ሞጣ ስንመልሰው ትከሻ አልጎደለም፤ ይሻሙበት ነበር።

እማዬ ያን መብራት ሁለተኛ አላስበራችም። እኔም ስንት ዘመን ሙሉ የምቆጣው ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደጎች ነበሩ፤ ደግነታቸው ጠርሙሱ ላይ አለቀ። የሚቆጡት ሰው የጠፋበት ሐዘን ደግሞ መውጫ የለውም።

ትናንት ሱቅ ሲዘጋ ልጁን «መብራቱን ከየት አመጣኸው?» አልሁት።

«ከአዲስ አበባ፣ በፌስታል።»

«አልከበደህም?»

«ኧረ እማማ፣ ምኑ ይከብዳል!» ብሎ ሳቀ። እኔም ገብቼ መስኮቴን ዘጋሁ።