ጎባ ላይ የውቅያኖስ ነፋስ ሳስተምር

ጎባ ጂኦግራፊ እንዳስተምር የተመደብኩት ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። እንደ ተማሪዎቼ ሁሉ እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና ትምህርቱን የሚያደናቅፍ ነገር አልነበረም። ነፋስ ግን ሞልቶናል። የክፍሉ መስኮት መስተዋት ስላልነበረው ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ሳይመዘገብ ገብቶ አብሮን ይማር ነበር።

አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ ትምህርቱን ሊገመግሙ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ካርታ ሰቅዬ አስረዳለሁ።

«ክረምት ሲገባ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ኃይለኛ ነፋስ የሶማሊያን ዳርቻ ይዞ ይነፍሳል። ትልቁ የውቅያኖስ ጅረትም አብሮት ወደ ሰሜን ይጎርፋል። የላዩ ሞቃት ውኃ ከዳርቻው ሲርቅ፣ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ይዞት የሚመጣው ምግብ ዓሣውን ያበዛዋል።»

ካድሬው እጃቸውን አወጡ። «ጓድ መምህር፣ ዓሣው የሚበዛው ለማን ነው?»

«እዚያ ዳርቻ ላሉት ነው፣ ጓድ።»

«ለጠላት ማለት ነው?»

ጣቴን ከካርታው ላይ አነሣሁ።

«ይህ ነፋስ ወዳጅ አገሮች ዘንድ አይነፍስም?»

«ነፋስ የትም አለ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው እዚያ ይንፈስ!»

ነፈሰ። መመሪያ የማያከብር ነፋስ የት አለና! በማግስቱ ሶማሊያን ከሰሌዳው አጥፍቼ የሶቪየት ኅብረትን ዳርቻ ጻፍኩ፤ ዓሣውም ከነቀዝቃዛ ውኃው ጓዙን ጠቅልሎ ተሰደደ።

ብሔራዊ ፈተናው ሲደርስ፣ ከሮቤ መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር አንዲት ጎበዝ ተማሪ መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ቲቸር፣ ስለ ነፋሱ ከመጣ መጽሐፉ ያለውን ልመልስ ወይስ ጓድ ያሉትን?»

ግራ ቀኙን አየሁ። «ለፈተና መጽሐፉን፣ ለስብሰባ ጓድን።»

«ዋዮ! ሁለቱንም ላጥና እንዴ?»

«ምን ምርጫ አለሽ?»

እየሳቀች ሄደች። ጥያቄው እውነትም መጣ። እሷ ሶማሊያ ብላ መለሰች። ከጓደኞቿ ብዙዎቹ ግን ለወዳጅ አገር ያላቸውን ታማኝነት በፈተና ወረቀት ላይ አስመስክረው ነጥባቸውን አጡ። አራሚው አዲስ አበባ ነበር፤ የጎባ መመሪያ አልደረሰውም።

በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ካድሬው ጂኦግራፊን ትክክለኛ መስመር ስላስያዝኩ በስም ጠርተው አመሰገኑኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ፣ ያውም ቆሜ፤ ተቀምጦ ማጨብጨብ በዚያ ዘመን ያስገመግም ነበር።