አራት ከዌልስ፣ ሰባት ከመንዝ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ላገባ ነው ብዬ ስጽፍላቸው፣ አባቴ ከአዲስ አበባ የላኩልኝ መልስ አጭር ነበር። ፈረንጅ መሆኗን አልተቃወሙም፤ ሃይማኖቷንም አልጠየቁም። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንደ መንዝ ወግ የልጅቷ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር፤ ያለዚያ ምርቃት የለም።

በንዴት ጦፍኩ። እጮኛዬ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች ናት። በአባቷ በኩል ያሉትን ማንም አያውቃቸውም፤ የእናቷ ወገኖች ደግሞ ከዌልስ መጥተው ፔንሲልቬንያ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። ከእኔ ጋር በምን ተአምር ትዛመዳለች? ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሉኝ አባቴ ብቻ ናቸው፤ ያለ ምርቃታቸው ማግባት አልሆንልህ አለኝ።

ነገሩን ለእናቷ ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ ብለው የቤተሰቡን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አመጡ። የፊት ገጾቹ ላይ ልደትና ሞት ተጽፏል። ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ፤ አራተኛው ላይ፣ ከዌልስ የመጣው ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"የአንተስ?" አሉኝ።

በልጅነቴ አባቴ ያስጠኑኝን ሰባቱንም አንበለበልኩላቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ቀስ ብለህ ድገምልኝ አሉና፣ ባዶው ገጽ ላይ፣ ከአራቱ ትይዩ፣ አንድ በአንድ ጻፏቸው። ደረቴን ነፋሁ።

መከራችን የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በየቅዳሜው ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ በመኪና ብዛት ተገትሬ፣ እናትና ልጅን ከአሌክሳንድሪያ ይዤ፣ የጎደሉትን ሦስት ስሞች ፍለጋ ዋሽንግተን ወዳለው መዝገብ ቤት እነዳለሁ። ሰውዬው የተወለደበት የዌልስ ደብር መዝገብ በማይክሮፊልም፣ በጥቅል ፊልም ላይ አንሶ ተነስቶ ነው የመጣው፤ ማንበቢያ መሣሪያው ላይ አጎንብሰው ሲያዞሩት ዓይን ያፈዛል። የቤተሰቡን ስም ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም። አንድ ቅዳሜ ነገሩ ተገለጠልን፤ የድሮ ዌልስ ገጠር ሰው እንደኛው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ለካ ስናስስ የከረምነው የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአንድ አባት ስም ኖሯል! አማቴ ከደስታቸው ብዛት እጄን ጨበጡኝ። ደስታው ግን ለምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም። የዚያ ደብር ወንድ ሁሉ አራት አምስት ስም ነው የሚፈራረቀው፤ ያ ስም ያለው፣ የእኛን ሰውዬ ስም የያዘ ልጅም የወለደ አባት በሽ ነው። የትኛው ነው የእኛ? መሣሪያውን በጡጫ ብለው ደስ ባለኝ።

ታኮማ ፓርክ የሚኖር ጓደኛዬ ሳቀብኝ። "ምን ታካብዳለህ? ሦስት ስም ፊል አድርገህ ላክላቸው። ማን ዌልስ ድረስ ሄዶ ቼክ ያደርጋል?"

ልቤ ሸፈተ። አማቴ ግን ሲሰሙ ተቆጡ።

"የማላውቀውን ሰው አያቴ ነው አልልም" አሉ። "ያለኝ አራት ነው፤ አራት ብለህ ንገራቸው።"

በሆዴ ረገምኳቸው። የእሳቸው ሐቀኝነት የእኔን ሠርግ ሊያስቀር ነው።

በመጨረሻ፣ አባቴ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት እንዲጠብቁኝ ተቀጣጥረን፣ ከአማቴ ማድ ቤት ደወልኩላቸው።

"ስንት ደረሳችሁ?"

"አራት ነው አባባ። ከዚያ በላይ አልተገኘም።"

"አንድ እንኳ አልጨመራችሁበትም?"

"ልጨምር ስል እናቷ እምቢ አሉ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል የአባቴን ሳቅ ሰማሁ።

"እኔ እናትህን ሳገባ ራሴን ቆጥሬ የማውቀው አምስት ነበር" አሉ። "ሁለቱን እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ከራሴ ጨመርኩ። እነዚህ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ናቸው። አግባት ልጄ፤ ውለዱ፣ ክበዱ።"

ስልኩን ዘጋሁት። መደሰት ነበረብኝ፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ እያሰብኩ ግን በገንኩ።

"ምን አሉ?" አሉኝ አማቴ።

"መርቀውናል።"

አቀፉኝ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠው የእኔን ሰባት ስሞች በጣታቸው ዳበሱ።

"የእኔ ቢጎድልም ግድ የለም" አሉ። "ልጆቻችሁ ቢያንስ በአንተ በኩል ሙሉ ሰባት አላቸው።"

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አየኋቸው። በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ነበር የተጻፉት።