ያየኸው ነው የሰማኸው?

ግመል ቁጥቋጦ መስላኝ አታውቅም ነበር። ከሰመራ አዋሽ ሰባት ሚኒባስ ስነዳ ሃያ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንቱን ግመል፣ ስንቱን ፍየል በጥሩምባ እያባበልኩ አልፌያለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሚሌን አልፌ ወደ ሎግያ ስመለስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በስተቀኝ የቆመው ቁጥቋጦ ድንገት አንገቱን አዞረ። ጋቢና የተቀመጠችው ሴትዮ "ኧረ ግመል!" ብላ ባትጮህ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት። ከኋላ ስድቡ ወረደብኝ፤ ግመሏ ግን አንዴ አይታኝ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ግራ ገባኝ። አቧራው ነው? ፀሐይዋ ናት? ወይስ ዓይኔ? ሰመራ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንዱን ዓይኔን እየጨፈንኩ የመብራት ምሰሶ ስቆጥር ባለቤቴ አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማንን ነው የምትጠቅሰው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ሳቋን አቋረጠች። "ሳትመረመር አንድ ሰው ብትጭን ወዮልህ!"

ሎግያ፣ ከጋራዦቹ መሀል አንዲት መነጽር ቤት አለች። ባለ አንድ ክፍል ናት፤ መርማሪዋም ሻጯም አንዲት የወሎ ልጅ ናት። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደጅ፣ ዳሱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እኔ ስደርስ አንድ ጎልማሳ አፋርም ከኋላዬ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ወዲያው አንድ የአፋር ሽማግሌ ተመርምረው ወጡ፤ ጎልማሳው ብድግ ብሎ እጃቸውን ያዘ። ሁለት አፋሮች ከተገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። አንዱ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ያስረክባል፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አፋርኛ አይጠፋኝምና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

ሽማግሌው ከግጦሹ ጀመሩ፣ ዝናቡን አነሱ፣ ከዚያ ምርመራው ላይ ደረሱ። ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ጣት ምልክቶች አሉ፤ ልጅቷ አንድ ዓይንህን ትጋርድና ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅህ አሳይ ትላለች አሉ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች፣ የጠፋ ግመል ዱካ እንደሚናገር ሰው ዘረዘሩት። የመጨረሻው መስመር ላይ እጃቸውን እያዞሩ፣ "ላይ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች" አሉ። ጎልማሳው አንድም ሳያስቀር ደገመው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። "ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ጋሼ" አለች ልጅቷ። በግራ ዓይኔ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ግራውን በጥቁር ክዳን ጋረደችውና ለቀኙ መጠቆም ጀመረች። መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ እጄ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ግራ። ቀኝ። ታች፣ ታች።

"ማሻአላህ! ወላሂ የጎረምሳ ዓይን ነው ያለዎት!"

ደስ አለኝ። ግን ግመሏስ? መስመሩን ያየሁት ይመስለኛል፤ ደግሞ ያላየሁት ይመስለኛል። ጥቁር ጥቁር ነገር እንደነበረ አልክድም። ወደ ላይ መዞሩን ግን ማን ነገረኝ፣ ዓይኔ ወይስ ሽማግሌው? ይህንኑ እያሰብኩ ወጣሁ።

ጎልማሳው እጄን ያዘኝ። "አንተስ? ሰሌዳውን አየኸው?"

"አየሁት።"

"መጨረሻውስ?"

"ላይ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች።"

እጄን አልለቀቀኝም። "ያየኸው ነው የሰማኸው?"

ዳጉ ተቀባይ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ምንም ተንኮል የለበትም። እኔ ግን ንድድ አለኝ። ፖሊስ ነህ እንዴ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እጄን መንጭቄ ተመልሼ ገባሁ።

ለልጅቷ የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሰሌዳውን አወረደችና ገልብጣ ሰቀለችው፤ በጀርባውም ሌላ ሰሌዳ ነበረው። ግራ ዓይኔን ጋርዳ ታችኛውን መስመር ጠቆመችኝ። እጄን አነሳሁ። ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ከላይ ካሉት ከሁለቱ መስመሮች በታች ጭስ ብቻ ነበር።

በባትሪ ዓይኔን ስታይ ቆየች። "ሞራ ይመስለኛል፤ ለሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ። አብሽሩ ጋሼ፣ የሚገፈፍ ነገር ነው። እስከዚያ ግን መኪና እንዳይነዱ።"

ጎልማሳው ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ለእሱ የምናገረው ቃል አዋሽ ሰባት ድረስ ቀድሞኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እኔ መኪና ላይ ይሳፈራል? ብድንም "ያ ዓይነ ስውሩ ሹፌር" መባሌ አይቀርም። "ደህና ነኝ" ብዬ ባልፍስ ማን ያውቃል? ፈራሁ። ከግመሏ ይልቅ ይህን ፈራሁ።

እጄን ዘረጋሁለት። "በቀኝ ዓይኔ አላይም" አልኩት። "ይህን ከማንም አልሰማሁትም።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ቃሌን ደገመልኝ፤ ስልኩን አወጣ።

ሚኒባሷን እዚያው ቆልፌ በባጃጅ ወደ ሰመራ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። መኪናዋን የት ተውካት ትለኛለች ብዬ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት።

"ቀኙ ነው አሉ" አለችና በቀኜ በኩል ዞራ ክንዴን ያዘችኝ።