በአምስት ስልክ ያየኋት

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ እሱን ማስረዳት አለብኝ። በስልክ የምንጫወተው አንድ የጦርነት ጌም አለ። ጌሙን የሠራው ድርጅት በውድድር ሰሞን ሰው እንዲጫወት ብቻ ሳይሆን ሌላው ሲጫወት ቁጭ ብሎ እንዲያይም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላየ ይሸልማል። ድርጅቱ የመዘገበው ተጫዋች ላይቭ ገብቶ እየተጫወተና እያወራ ሲያስተላልፍ፣ በጠቅላላ አሥር ሰዓት የተመለከተ ለገጸ ባሕሪው ጓንት ያገኛል። ሃያ ሰዓት ያየ ጫማ፣ አርባ ሰዓት የሞላው ደግሞ ቀይ ካባ። ካባው አይሸጥም። የሚገኘው በማየት ብቻ ነው።

እኔ የማያት ላይቭ የእጮኛዬ ነበር። እጮኛ የምላት እኔ ነኝ እንጂ በወግ የታሰረ ነገር አልነበረንም። ደብረ ብርሃን አብረን ተምረን በአንድ ቀን ተመረቅን። እኔ ጎረቤላ የአይሲቲ መምህር ሆኜ ተመደብኩ፤ እሷ ወደ ተወለደችበት ወደ ሰላ ድንጋይ ተመልሳ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ጌሙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ወር በለጠችኝ። ብዙም ሳትቆይ ተመዝግባ በአማርኛ እየቀለደች ማስተላለፍ ጀመረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፣ ከትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል። ከቤት አይሆንላትም። አባቷ ቄስ ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ለማይታይ ሰው «ተኩስ! ተኩስ!» እያለች ስትጮህ ቢሰሙ ጠበል ይወስዷታል እያለች ትስቅ ነበር።

ችግሩ ተመልካች ነበር። ድርጅቱ ብዙ ተመልካች የሌለውን አስተላላፊ ከመዝገቡ ይሰርዛል።

«አሥራ አንድ ሰው ነው የሚያየኝ» አለችኝ በስልክ። «ስድስቱ የራሴ ተማሪዎች ናቸው። ውጤት እንድጨምርላቸው ይመስለኛል።»

«ለኔ ተይው» አልኳት።

ሥርዓት እወዳለሁ። በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ ላይ አሠራሩን ጽፌ ለባልደረቦቼ አስረዳኋቸው። የሒሳብ መምህሩ፣ የስፖርት መምህሩ፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷና የቤተ ሙከራ ሠራተኛው ተስማሙ። ጌሙን በየስልካቸው ጫንኩላቸው።

«ቆይ፣ እጮኛህን በተራ ነው የምናያት?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«በተራ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ነው።»

«ወይ ጉድ! እሱስ ይብሳል።»

መጀመሪያ ላይ ከልቤ አያት ነበር። በአይሲቲ ክፍል ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ ስልኬን ከመጽሐፍ አስደግፌ፣ ስትቀልድ እስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የፈተና ወረቀት ሳርም ድምጿ አላሠራ አለኝና ዘጋሁት። ቀና ብዬ ሳይ የሽልማቱ ሰዓት መቁጠሩን አላቋረጠም። ለጌሙ መስማት ግዴታ አይደለም። ገጹ ክፍት ከሆነ፣ ስክሪኑም ካልጠፋ፣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ አንድ አሠራር ሲገባኝ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ለባልደረቦቼም አዲሱን መመሪያ ነገርኳቸው፦ ቅዳሜ ጠዋት ስልካችሁን አምጡልኝ፣ እኔ ከዋይፋዩ ጋር አገናኛቸዋለሁ፣ ማታ ውሰዱ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማለት አምስት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ድምፃቸውን ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ መሄድ ሆነ። አምስቱም ላይ ፊቷ በትንሽ ክብ ውስጥ ይታያል። አፏ ይንቀሳቀሳል። ከተማውን የሚሸፍነው የጎረቤላ ጉም መስኮቱ ላይ ይመጣል፣ ክፍሉ ይጨልማል፤ ያኔ ብርሃን የሚሰጡት ስልኮቹ ብቻ ናቸው። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው የመምህራን ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ተከናንቤ እተኛለሁ። እንቅልፍ ስለያዘኝ አልነበረም። ሌላ የማደርገው ስለማይታየኝ ነበር።

ስድስተኛ ስልክም ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው የአልዩ አምባ ሰው፣ ልጃቸው የገዛችላቸው ጥሩ ስልክ ነበራቸው። ተመልካች ይጨምርልኝ ብዬ ለእሳቸውም ከፈትኩላቸው። ስልካቸውን ግን አልሰጥም አሉ፤ በር ላይ፣ በጥበቃ ቤታቸው ውስጥ፣ ራሳቸው ይዘው ያያሉ።

«ጋሼ፣ ድምፁን መዝጋት ይቻላል። ባትሪም ይቆጥባል።»

«ሰው እያወራ?» አሉኝ።

«እሷ አታውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ ነዋ።»

ከጌሙ ምንም እንደማይገባቸው ነግረውኛል። ልጅቷ ወግና ጨዋታ ታውቃለች፣ ያ በቂያቸው ነበር። ለሶላት ሲነሱ እንኳ ስልኩን ወንበሩ ላይ ትተው «መጣሁ» ይሏታል።

እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች።

«ትናንት አየኸኝ?»

«አየሁሽ። ሦስት ሰዓት ሙሉ።»

«የጎረቤታችንን ዶሮ ነገር ሳወራ ሳቅክ?»

«በጣም።»

«እኔ እኮ ስናገር አንተን እያሰብኩ ነበር» ትላለች። እኔም ደስ እንዳለኝ እነግራታለሁ። ውሸት የምናገር አልመሰለኝም። በተመልካቾች ዝርዝር ላይ ስሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበር።

በአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ለሚ ከተማ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የፊታችን እሑድ ይመጣሉ። አባቷ ሰውየውን በቤተ ክርስቲያን በኩል ያውቁታል፤ ወደውታል።

እኔ እቅድ ነበረኝ፤ አስረዳኋት። አንደኛ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር እጠይቃለሁ። ሁለተኛ፣ ዝውውሩ ሲፈቀድ ቤት እይዛለሁ። ሦስተኛ፣ ለእሷም ዝውውር ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን፣ ሽማግሌ መላክ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ይሆናል። አሁን ብልክ አባቷ «የት ልታኖራት ነው?» ቢሉ መልስ የለኝም።

«መምህሬ፣ ጨረስክ?» አለች።

«አልጨረስኩም። ዝውውሩ ባይፈቀድ ደግሞ ሁለት አማራጭ አለን…»

«ኔትወርኩ ሊቋረጥ ነው» አለችና ዘጋችው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ያን ቀን ሊሰማኝ የሚገባ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ገባሁ፤ ስለ ፋይል አቀማመጥ አስተማርኩ፤ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሐሙስና ዓርብ አልደወልኩም። ምን እንደምላት በደንብ አዘጋጅቼ እደውላለሁ ብዬ በወረቀት ላይ ነጥቦች ጻፍኩ።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ አምስቱን ስልክ ደርድሬ ቆልፌ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመልሼ ከፈትኩ። አርባ ሰዓታችን ሞልቶ ነበር፤ በአምስቱም ላይ ቀዩ ካባ ደርሷል። ገጸ ባሕሪዬን ካባውን አልብሼ ስክሪንሾት ላኩላት። ከሥሩ «ሁሉንም አየሁሽ! ካባዬ ደረሰኝ» ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰችም። እሑድም አልደወለችም። እንግዳ ስላለባቸው ነው አልኩ።

እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አውቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ጋሼ አስቆሙኝ።

«መምህር! ና እስቲ ወዲህ። ታዲያ ምን ብለህ መለስክላት?»

«ለማን ጋሼ?»

«ለልጅቷ ነዋ! ለሰላ ድንጋይዋ።»

«ምን ጠየቀችኝ?»

ሳቁ። «አይ መምህር፣ በሽማግሌ ትቀልዳለህ?» ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸው ቀረ። «ወላሂ አልሰማህም?»

እሳቸው የነገሩኝ ይህን ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ልጅቷ መተኮሷን አቆመች። እዚያው መሀል ሜዳ ቆማ መናገር ጀመረች። ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እዚህ እንዳለም ዝርዝሩ ላይ ይታየኛል አለች። ነገ ሽማግሌ ቤታችን ይመጣል። አባቴ እሺ ሊሉ ነው። እምቢ በይ የሚለኝ ከሆነ «አለሁ» ብሎ ይጻፍልኝ። አንድ ቃል ብቻ። እቅድ አልፈልግም፣ ዓመተ ምሕረት አልፈልግም። «አለሁ» ይበለኝ፣ የቀረውን እኔ ለአባቴ እናገራለሁ።

«ሌሎቹስ?» አልኩ። «የሚያዩት ሰዎች?»

«እነሱማ መአት ጻፉ። አንዱ 'እኔ አለሁልሽ' አለ፣ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው 'ጨዋታው ይቀጥል' ይላል። አንተን ነው የምትጠብቀው። እኔ መጻፉን አላውቅበት እንጂ 'አለ፣ አለ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው' ብዬ ለስልኩ ጮኽኩ። አልሰማችኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ እያየሃት እኔ ልንገርህ?» አሉ ተገርመው። «ውስጥ ሆነህ ስትጽፍላት ነበር የመሰለኝ። እኔ ማንበብ ቶሎ አይሆንልኝም፤ ፊደሉ ደግሞ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ውሃ ጠጣች፣ 'ገባኝ' አለች፣ ጨዋታዋን ቀጠለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስትተኩስ ቆየች። ያሸነፈች ይመስለኛል።»

አንደኛና ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። በእረፍት ሰዓት በመምህራን ማረፊያ ሳልፍ የሒሳብ መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ካባችንን ደርበናል!» አለኝ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ካባው ከኋላ እንዴት እንደሚታይ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ከዚያ ከክፍሎቹ ጀርባ ሄጄ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

«አልሰማሁሽም» አልኳት።

«ዝርዝሩ ላይ ነበርክ።»

«ስልኩ ነበር። ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ልንገርሽ፣ የሚቆጥረው ድምፁን አይደለም፤ ገጹ ክፍት ከሆነ…»

«ደግሞ ልታብራራልኝ ነው?»

የጀመርኩትን አረፍተ ነገር ተውኩት።

«ለምን እዚያ እንደጠየቅኩህ ታውቃለህ?» አለች። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ ተማሪ ጥያቄ ሲስት እንደምትናገረው። «ስልክ ላይ ስጠይቅህ ታብራራለህ። እዚያ ግን መጻፍ ብቻ ነው የምትችለው። አንድ ቃል ለመጻፍ ደግሞ ምንም ዝግጅት አያስፈልግም። እንደዚያ ብዬ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ተዋረድኩ፣ ምንም አይደለም፣ ትጽፍልኛለህ ብዬ ነው። ደቂቃውን እየቆጠርኩ ጠበቅኩህ። ማታ ከፍቼ ሳይ ካባ ልከህልኛል።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«የቀደመው ቅዳሜስ? ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትም ተዘግቶ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግማሽ ዓመት ፈተና እርማት ጀምሮ።»

«የዶሮዋን ነገር አልሰማህም ማለት ነው» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ጥሩ ነበረች እኮ» አለች።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። ሦስት ናቸው። አባቷ ወደ ጓዳ ጠርተው «ምን ትያለሽ ልጄ?» አሏት። ዝም አለች። በእኛ አገር ሴት ልጅ እንዲህ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አይጠበቅባትም። አባቷም ወደ ሳሎን ወጥተው ተናገሩ። ቀለበቱ በሁለት ሳምንት ነው።

«እምቢ ማለት ትችዪ ነበር» አልኳት።

«ምን ብዬ? 'ያለኝ ሰው ዝም ብሎኛል' ብዬ?»

አሁንም ቀለበት እንዳልታሰረ፣ አባቷ ዘንድ ዛሬውኑ ሰው መላክ እንደሚቻል፣ ለዚህም የደብራችን አስተዳዳሪ ሰላ ድንጋይ ዘመድ እንዳላቸው መናገር ጀመርኩ። አላቋረጠችኝም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ «ሁሉንም ሰምቼሃለሁ» አለች። «ደህና ሁን።» ዘጋችው።

መልሼ መደወል እችል ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተማሪዎች ኳስ እያባረሩ መጡ፣ አለፉ። ማልቀስ ይገባኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አልመጣም።

ወደ ግቢው ስመለስ ጋሼ ደወሉ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አገኘሃት?»

«አገኘኋት።»

«ምን አለች?»

«እሺ ብላለች» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «አልሐምዱ ሊላህ!» አሉና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ እጃቸው መሀል ላይ ቀረ። «ለማን?»

ሽማግሌዎቹ ስንት እንደነበሩ፣ ማን እንደላካቸው፣ ቀለበቱ መቼ እንደሆነ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ብረታቸውን አንስተው ደወሉን መቱት። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ ቢ ነበረኝ። ገባሁ፣ የዕለቱን ርእስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩበት።